ስልኳ ያለበት፣ እሷ የሌለችበት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬ ለራሴ ደብተር የጠረዝኩት ገና ዛሬ ነው። ከመቁረጫው ሥር በተረፈ ወረቀት። ምን እንደምጽፍበት አላሰብኩም ነበር፤ ቤት ስገባ ሚስቴ የሚጻፍ ነገር ይዛ ጠበቀችኝ።

በመሥሪያ ቤቷ «እርስዎ» ማለት ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል። አለቃም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ ሁሉም «አንተ»፣ ሁሉም «አንቺ» ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦ «ቤተሰብ ነን፣ ቤተሰብ አይራራቅም» አላቸው።

«እና እሱን አንተ ትይዋለሽ?»

«ምን ልበለው ታዲያ? ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው።»

«እኔንም አንተ ነው የምትይኝ።»

ሳቀች። «ከፈለግክ አንተን እርስዎ ልበልህ።»

ልጃችንም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ከጥርስ በላይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሚስቴ እዚያ ከገባች ስድስት ወር ሆናት። በስልክ ዕቃ አዝዘው የተሰበረ የደረሳቸው፣ ጭራሽም ያልደረሳቸው ሰዎች ለሚጽፉት አቤቱታ ቀኑን ሙሉ መልስ ስትጽፍ ትውላለች። ይህ ሥራ ነው፤ ሥራ አይናቅም። ሌላው ነገር ነው የማይገባኝ። ጠዋት ሲገቡ በሩ አጠገብ ባለ ስክሪን ላይ ከተደረደሩት የፊት ሥዕሎች የዕለቱን ስሜታቸውን መርጠው ይጫናሉ፤ ሳቂታ፣ ደህና፣ ኮስታራ። ኮስታራውን ሁለት ቀን የተጫነ አለቃ ዘንድ ይጠራል። ከጠረጴዛው በላይ ያለው ካሜራ ስንቴ ፈገግ እንዳሉ ይቆጥራል። ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ባጅ ደግሞ ከማን ጋር ስንት ደቂቃ እንደቆሙ ይመዘግባል።

«ምሳ ግን በነፃ ነው» አለችኝ።

«በግም በነፃ ነው የሚቀለበው» አልኳት።

«በግ ነሽ ነው የምትለኝ?»

እሱን ለማለት አልነበረም። ምሽቱ በዚያው ተበላሸ። የልጃችንን ታብሌት ካሜራ በጥራዝ ጨርቅ ሸፍኜ ተኛሁ። ልጄ «አባዬ ደግሞ፣ ማን ሊያየን ነው?» ትላለች። ስልክ ያለበት ሁሉ ሰው ያለ ይመስላቸዋል፣ የሚከተሉን በዚያ ነው ብዬ ሺህ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። የሚሰማኝ የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሁለት ሰዓት ላይ ነው የገባችው። «ሥራ በዛ» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

መሥሪያ ቤቷ የሠራተኞችን ባሎችና ሚስቶች ጋብዞ ሄድን። ሥራ አስኪያጁን ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ገና ከሳጥን የወጣ የሚመስል ነጭ ሸራ ጫማ አድርጓል። ከዛሬ ጀምሮ ነጭ ጫማው ነው ስሙ። ከኔ አሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ እጄን ጨብጦ «አንተ ነህ ጠራዡ! ስለ አንተ ብዙ ሰምቻለሁ» አለኝ። ምን ነው የሰማው?

ስንቀመጥ ሚስቴን «አንቺ መስኮት አጠገብ፣ ጀርባሽን ለበር ሰጥተሽ መቀመጥ አትወጂም» ብሎ ወንበር ሳበላት። እኔ ይህን ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። «እንዴት አወቀ?» ስላት፣ ሥራ ስትጀምር የሞላችው ባለ ዘጠና ጥያቄ ቅጽ ላይ እንዳለ ነገረችኝ።

በቀልዱ ሳቀች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ። ያንን ሳቅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ቀልዱ ደግሞ ቀልድ አልነበረም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ልጄ ከዓመት በፊት ታብሌቷ ላይ የቤተሰብ ካርታ የሚሉትን አስገብታለች። እናቷ የት እንዳለች በአረንጓዴ ነጥብ ያሳያል። እኔ በስልኬ አላስገባም ብዬ ተጣልቻት ነበር፤ «እናትና ልጅ መንገድ ላይ መፈላለግ ካማራችሁ እኔን ተዉኝ» ብዬ።

ዛሬ ታብሌቱ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ሲደረግ አገኘሁት። ሞልቶ እንደሆነ ለማየት ነው የከፈትኩት። ሚስቴ መሥሪያ ቤቷ ነበረች። የት ልትሆን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ነጥቡ እስከ አንድ ሰዓት ከአርባ መሥሪያ ቤት ቆየ። ሁለት ሰዓት ላይ ገባች። «ሥራ በዛ።»

ቻርጁን አሥራ አንድ ጊዜ ያህል አይቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ማተሚያ ቤት ቀለም የሚቀላቅልልን ሰውዬ ቀለሜ ይባላል። በትምህርቱ አይደለም፣ ከጣቱ ቀለም ስለማይለቅ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ «አንድ የማውቀው ሰው» ብዬ ነገሩን አወራሁት። ሰውየው በሚስቱ ላይ ጥርጣሬ ገብቶት የት እንደዋለች በታብሌት ይከታተላል አልኩት።

«እኔም አንድ ቀን የባለቤቴን ስልክ ከፍቻለሁ» አለ።

«ምን አገኘህ?»

«ስለ እግሬ ሽታ ለእህቷ የጻፈችውን። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።» አፉን ጠረገና ዓይኔን አየኝ። «ለዚያ ለምታውቀው ሰውዬ፣ በአፉ ይጠይቃት በልልኝ።»

እነግረዋለሁ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ሄድኩ። ታብሌቱን ኮቴ ውስጥ ይዤ፣ ለልጄ «ጥራዙ ተነቅሏል፣ ላስጠግነው» ብዬ። የታብሌት ጥራዝ!

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሕንፃው ጨልሟል። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውን ያ ሕግ አልደረሳቸውም መሰል። «ማንን ፈልገው ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ውይ፣ ሁሉም ወጥተዋል እኮ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«እሳቸውም።»

ጥግ ላይ ቆሜ ታብሌቱን ከፈትኩ። አረንጓዴው ነጥብ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስልኳ አለ፣ እሷ የለችም። ማንም እንዳያገኛት ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ጥላ ነው የሄደችው። ወዴት? እሱም ወጥቷል። ሁለቱም ወጥተዋል።

ስትገባ ፊቷ ፍም መስሏል። «ሥራ በዛ» አለች። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። በራሴ ኮራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ታብሌቱ የሚስቴንም መልእክቶች ያሳያል ለካ። ሳላስበው ነው የተከፈተው። እያሰብኩ ደግሞ አነበብኩት። የመሥሪያ ቤቷ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የልብ ጓደኛዬ የምትላት ሴት የላከችው ነው፦

«ሐሙስ እዚያው። ስልካችሁን ጥላችሁ ኑ። ለባልም ለሚስትም አይነገር።»

ለባልም! ደላላዋ እሷ ነች ማለት ነው። «ኑ» ካለች የሚመጡት ከአንድ በላይ ናቸው። አንዷ ሚስቴ ናት። ሌላው ማን እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሚስት አለችው መሰለኝ፣ «ለሚስትም» ያለችው ለሱ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

አርባ መጽሐፍ ሽፋኑን ገልብጬ ሰፋሁ። ቀለሜ ነው ያየልኝ። አብረን ስንፈታ ዋልን። ምንም አልጠየቀኝም። መጠየቁ ይሻል ነበር።

ቤት ደርሼ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ አየኋት። ያው እጅ ነው፣ ያው ቀለበት። «ምን ታየኛለህ?» አለች። «ምንም» አልኩ። ቀለሜ በአፉ ይጠይቃት ያለው ትዝ አለኝ። ብጠይቃትና ብትዋሽስ? ባትዋሽስ? የሚከፋኝ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ዛሬ ሙሉውን እጽፋለሁ። ደስ ብሎኛል።

ልከተላት ብዬ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ነበርኩ። በዚያ በር አልወጣችም። ሌላ በር እንዳለ አላወቅኩም ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋም አልታየችም። ደሜ ፈላ። ዘበኛውን አልፌ ደረጃውን ወጣሁ። ነጭ ጫማው ቢሮው ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል።

«ጠራዡ! ምን እግር ጣለህ?»

ሆን ብዬ እርስዎ አልኩት፣ ርቀቱን እንዲያውቅ። «ሐሙስ ሐሙስ ሚስቴን የት ነው የሚወስዷት?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እኔ? ሐሙስ ሐሙስ ልጄን ዋና ነው የማመላልሰው። ዛሬ እናቱ ስለወሰደችው ነው እዚህ ያገኘኸኝ» ብሎ የልጁን ፎቶ አሳየኝ። ጥርሱ የወለቀ ሕፃን ነው። ሰው እንደዚያ ያለ ፎቶ እያሳየ አይዋሽም።

ወንበር ሰጠኝ። ውሃ ቀዳልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐሙስ ሐሙስ ግን የት ነው የምትሄደው? አንድ ነገር እንዳትሆን ስለምጨነቅ ነው» አለ። ሰው የተጨነቀልኝ ስለመሰለኝ፣ ልቤም ስለቀለለኝ፣ መልእክቱን ነገርኩት።

«አንድ ጊዜ ድገምልኝ፣ ወንድሜ።»

ደገምኩለት። ማን እንደላከችውም። ወረቀት ላይ ጻፈው። «አይዞህ» አለኝ፣ «የሴቶች ነገር ይሆናል። የልደት ድግስ፣ ምናምን። ወንድ የለበትም።» እስከ ደረጃው ትከሻዬን ይዞ ሸኘኝ። በመንገድ ላይ አፏጨሁ። ብርቱካን ገዛሁ፣ እሷ የምትወደውን ትልልቁን።

ሁለት ሰዓት ላይ ገብታ «ሥራ በዛ» ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ብርቱካኑን ልጬ ሰጠኋት። «ምን አገኘህ ዛሬ?» አለችኝ። ወንድ የለበትም። ቢያንስ እሱ የለበትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ሚስቴ በቀን ስድስት ሰዓት ቤት መጣች። ካርቶን ይዛለች፤ ኩባያዋ፣ ሹራቧ፣ የጠረጴዛ ላይ አበባዋ።

ተባረረች። ስድስት ሆነው ነው የተባረሩት። «የቤተሰቡን መተማመን ስለጎዳችሁ» የሚል ደብዳቤ ተሰጣቸው።

ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሰባት ሆነው የአንዷ እህት ልብስ ስፌት ቤት ጓዳ ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። ስለ ካሜራውና ስለ ባጁ ለከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አቤቱታ ሲያዘጋጁ። ከመካከላቸው አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ሽንት ቤት የተመላለሰችበትን ባጁ ቆጥሮ፣ ገና ለባሏ ሳትነግር አለቃዋ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ነገሩ የተጀመረው ያን ቀን ነው። ስልካቸውን መሥሪያ ቤት ጥለው በኋላው በር የሚወጡት፣ ማታም ተመልሰው የሚያነሱት፣ እዚያው ያሉ እንዲመስሉ ነው።

«ካንተ ነው የተማርኩት» አለችኝ። «ስልክ ያለበት ሰው ያለ ይመስላቸዋል ትል አልነበር? ለነሱም ነገርኳቸው። ባልሽ ብልህ ነው አሉኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማንም ላንነግር ተማምለናል። ደግሞ…» ሹራቧን ካርቶኑ ውስጥ አጠፈችው። «አላልኩሽም እንዳትለኝ ፈራሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ሐሙስ ሐሙስ ስልካቸውን ትተው የወጡትን በካሜራው ለቅሞ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን መልእክት ቃል በቃል አነበበላቸው። ሰባተኛዋን፣ እሷን ግን አላባረራትም። በሁሉም ፊት «ስለ ታማኝነትሽ አመሰግናለሁ» አላት። ብትምል ብትገዘት ማን ይመናት?

«ሸጠችን» አለች ሚስቴ። ያኔ ነው ያለቀሰችው። «እህቴ ነች የምላት!»

«ሰው አይታመንም» አልኳት።

አልኩ። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሄዳለች። ስፌት ቤቱ፣ ስድስት ሆነው። ስልኳን ይዛ ነው የሄደችው፤ አሁን የሚደብቁት የለም። ታብሌቱን አልነካሁም። ቻርጁ አልቆ ጠፍቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የሒሳብ ሠራተኛዋ ቤታችን መጣች። ሚስቴ በሩን አልከፈተችላትም። ከውጭ ሆና «እህቴ፣ በልጄ እምላለሁ! ስልኬን ማንም አልነካውም፣ እኔም አልሰጠሁም። ከማን እንደወጣ አላውቅም!» ትላለች። ሚስቴ ሬድዮውን ከፍ አደረገች።

እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። «ሙጫ አልቆብኛል» ብዬ በጓሮ ወጣሁ። መንገዱ ጫፍ ላይ አገኘችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«እርስዎ እንኳን ያስረዱልኝ» አለችኝ። «እርስዎን ትሰማለች።»

«እሺ» አልኳት። እግዚአብሔር ይይላት፣ አመሰገነችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ካሜራ በጨርቅ ስሸፍን የኖርኩ እኔ። ካሜራ አልነበረም፣ ባጅም አልነበረም። ማንም አልሰለለንም። በእግሬ ሄጄ፣ ውሃ ተቀድቶልኝ፣ ድገምልኝ ሲለኝ ደገምኩለት።

ብነግራት ትሄዳለች። ባልነግራት ያቺ ሴት… ባትነግራትስ ማን ያውቃል ይለኛል ውስጤ። ነጭ ጫማው ያውቃል። አንድ ቀን ሲመቸው ይናገራል። እንግዲህ ሚስጥር አብረን የምንጠብቅ እኔና እሱ ነን። ከሱ ጋር!

እሑድ፣ ኅዳር 14

ልጃችን ጓደኛዋ ጋ ሄዳ ነበር። ነገርኳት። ከቻርጁ ጀምሮ፤ ነጥቡን፣ ዘበኛውን፣ መልእክቱን፣ ደረጃውን። ቆሜ ነው የነገርኳት፣ መቀመጥ አልቻልኩም። ታጥፍ የነበረውን ልብስ እያጠፈች ጨረሰችው።

«ከሱ ጋር ነኝ ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«ከዚያ ሰውዬ ጋር!» ልትስቅ ነበር፣ አልሳቀችም። «እኔ አይደለሁም ሲልህ ደስ አለህ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ደስ አለኝ።»

«ብርቱካኑን ያመጣኸው ያን ቀን ነው።»

«ያን ቀን ነው።»

የታጠፈውን ልብስ ወደ ጎን ገፋችው። «ሳምንታት ሙሉ ስትከተለኝ፣ አንድ ቀን እንኳ የት ነበርሽ ብለህ አልጠየቅከኝም። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። መሐላውን አፍርሼ እነግርህ ነበር።» ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለች። መጀመሪያ ለሒሳብ ሠራተኛዋ። «እህቴ፣ አንቺ አይደለሽም» አለቻት። ቀጥላ ለሌሎቹ።

ወደ እኔ ዞራ «ጫማህን አድርግ» አለች።

ስፌት ቤቱ ጓዳ ጠባብ ነው፤ የስፌት መኪና ሁለት፣ ተቆርጦ ያልተሰፋ ጨርቅ ግድግዳው ሥር። ስድስቱ ተቀምጠው ጠበቁን፤ አንዱ ጢማም ሰውዬ ነው። ለኔ ወንበር አልነበረም። ሚስቴ ከነሱ ጋር ተቀመጠች። ሁሉንም ደገምኩት። ነፍሰ ጡሯ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ተነሳች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬን የሚያነሳልኝ አጣሁ» አለች። «መንገድ ላይ ያስረዱልኝ ብዬ ለመንኩህ። እሺ አልከኝ።»

አንተ አለችኝ። የሚገባኝን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው አቤቱታቸውን ተቀብሏል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሥራውን ለቃ፣ በባጁ ቆጠራ ከማን የስንት ቀን ደመወዝ እንደተቀነሰ የምታውቀውን ሁሉ ጽፋ ሰጠች። ወደ ሥራቸው ይመለሱ አይመለሱ ገና አይታወቅም። የነፍሰ ጡሯ ሆድ ገፍቷል። ሚስቴ ለጊዜው ማተሚያ ቤታችን እርማት ታነባለች፤ ቀለሜ ነው የለመነላት። ከላይ ፎቅ ነው የምትሠራው። ጥራዝ ክፍል አትወርድም።

ቤት ውስጥ ከልጃችን ጋር ነው የምትተኛው። አልሄደችም፤ ቆየች ለማለትም አልደፍርም። ልጄ ከእናቷ ስለሰማችው ነገር አንድ ቀን ብቻ ተናገረች፦ «አባዬ፣ እኔንም ታየኝ ነበር?» አላየሁሽም አልኳት። እውነቴን ነው። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ስፌት ቤት ነኝ» ብላ ወጣች። አሁን ትናገራለች፣ ሳልጠይቃት። ራት ሠራሁ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በመስኮት አየኋት። ከሰባቱ አንዱ፣ ጢማሙ ሰውዬ፣ እስከ በራችን ሸኛት። ቆመው አወሩ። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች።

ገባች። ሳህኑን አቀረብኩላት። በላች። ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«መጠየቅ የፈለግከው ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

አለ እንጂ። ምን ብሎ ነው እንደዚያ ያሳቃት?